ላይብረሪያኖች፣ በኢንተርኔት እርስ በርሳችን ምን ተቀባበልን?

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ይህን ክር ከጎንደር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቷል። ሁሉንም ማንበብ ለሚታክተው ሰው የተባለውን በራሴ አፍ ላውራው። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። ያዛባሁት ነገር ካለ ከሥር ይጻፍልኝ።

መነሻው እንዲህ ነው። ስለ ካላዛር የምታጠና የማስተርስ ተማሪ ወደ ሪፈረንስ ዴስካችን መጣች። በሽታው በመተማና በሁመራ ቆላ ለሥራ የሚወርደውን ሰው ስለሚያጠቃ ጎንደር ላይ ብዙ ይጠናል። የውጭዎቹን ጽሑፎች፣ የጤና መጽሔቶችን በኢንተርኔት በሚከፍትልን በሂናሪ በኩል ቁጭ ብለን አወረድን። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ጨረስን። ቀጥላ አንድ የአገር ውስጥ ቴሲስ ጠየቀችኝ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፣ እዚሁ አገራችን። ካታሎጋቸው ከውጭ አይታይም። ደወልኩ። እዚያ ያለ ባልደረባዬ ቴሲሱን ከመደርደሪያ አወጣና ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሠንጠረዦቹ ላይ አውራ ጣቱ አብሮ ተነስቷል፤ አንዱን ቁጥር ለማንበብ እንደገና መደወል ነበረብኝ።

ከዚያ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። ኢንተርኔት የአፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያኖች አገናኘ ይባላል። ከማን ጋር ነው ያገናኘን? እኔ እንደማየው ከአሳታሚዎች ጋር እንጂ እርስ በርስ ብዙም አልተገናኘንም። የምናወርደው ብዙ ነው፣ የምንሰቅለው ጥቂት።

1ኛዋ መላሽ ከባሕር ዳር ናት። የሁላችንንም ጤና፣ የጎንደርንም ሰላም ጠይቃ ነው ወደ ነገሩ የገባችው። በሐሳቤ ትስማማለች። ግን ቴሲሱን ፎቶ አንስቶ የላከውን ሰው አቅልዬ እንዳላይ ትፈልጋለች። ድሮ ቢሆን ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኃላፊ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ፖስታ ቤት ይኬዳል። መልሱ እስኪመጣ ተማሪዋ ተመርቃ፣ ምናልባትም ወልዳ ነው። የተለወጠው ይሄ ነው ባይ ናት።

2ኛው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ የሆነው ሜድላይን በሲዲ ይመጣ የነበረበትን ጊዜ አነሱ። ሲዲው ላይ ያለው የጽሑፉ ርእስና አጭር መግለጫ ብቻ ነው። ሙሉውን የፈለገ ሐኪም ለደራሲው ካርድ ይጽፋል፤ ደራሲው ደግ ሰው ከሆነ አንድ ቅጂ በፖስታ ይልካል። የዚያን ጊዜ ላይብረሪያን ዋና መሣሪያው ቴምብር ነበር ይላሉ። ከዚያ ጣሪያ ላይ የሳተላይት ሳህን መጣ፣ ውድና ቀርፋፋ። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በባሕር ሥር ገመድ መያያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮም የተባለው ገመድ ሲዘረጋ ነው። በመጨረሻም ሂናሪን የፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ስጦታ አድርገው አመሰገኑ።

3ኛዋ የጤና ሳይንስ ላይብረሪያን ናት። ጋሼን በአክብሮት አረመቻቸው። ሂናሪን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት ነው፣ ከስድስት ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ። የፋኦው አጎራ ይባላል፤ የግብርና ሲሆን በ2003 መጣ። ዛሬ ከሌሎቹ ጋር ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ናት። ከዚያ ከባዱን ነገር ጣል አደረገች። ጽሑፎቹ የእኛ አይደሉም፤ ፈቃድ ነው የተሰጠን። የአገር ገቢ ከፍ ሲል ምድቡ ይቀየራል፣ ክፍያም ይመጣል። ጋሼ አመስግነው እርማቱን ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት እስከ 5ኛው መልስ ድረስ ቆየ።

4ኛው የመጽሔት አዘጋጅ ነው። እኔ አጋነንኩ ባይ ነው። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እየሠራ ነው። መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የነበረ ኢናስፕ የተባለ ድርጅት አቋቋመው፣ በ2005 ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ከ500 በላይ የአፍሪካ መጽሔቶች አሉበት፤ የእኛዎቹም አሉ። ስለዚህ አልሰቀልንም ማለት ግፍ ነው። እውነቱን ነው፣ መጽሔቱ ወጥቷል። እኔ የምለው ግን መጽሔት ላይ ስለማይደርሰው ነው፤ ስለ ቴሲሱ፣ ስለ ጥናት ሪፖርቱ፣ ስለ ካታሎጉ።

5ኛው አንድ መስመር ነው የጻፈው። ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ አለ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል ዓይነት። ወዳጅ አላጣም፣ ብዙ አውራ ጣት ተቀሰረለት።

6ኛዋ እሳት ጎርሳ መጣች። ቴሌግራም መላላኪያ እንጂ ላይብረሪ አይደለም ነው የምትለው። የፋይሉ ስም ፋይናል፣ ቀጥሎ ፋይናል የመጨረሻ፣ ቀጥሎ ፋይናል የመጨረሻ ሁለት። ማን ጻፈው? የት? በስንት ዓመተ ምሕረት? የሚያውቅ የለም። ቻናሉ የተከፈተው በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነው። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲም ካርዱ ሲጠፋበት ስብስቡ ባለቤት ያጣል። ከውጭ ሆኖ በጉግል የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። 5ኛው ተመልሶ ሳቀባት። እሷም አልተኛችለትም። ባለፈው ሳምንት ራሱ የላከውን ፋይል ፈልጎ እንዲያወጣ ጠየቀችው። እስካሁን አላወጣም።

ከ7 እስከ 9 ያለው የሚከፈልባቸውን ጽሑፎች ያለ ፈቃድ በነፃ የሚሰጠው ድረ ገጽ፣ የሳይ-ሃብ ነገር ነው። አንዱ ሳይ-ሃብ እያለ ምን አለፋን አለ። ሌላዋ የቅጂ መብት አዋጅ እንዳለን፣ ላይብረሪያን ደግሞ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይህን ማስተማር እንደሌለበት ነገረችው። አድሚኑ ሊንክ እንዳይለጠፍ አስጠነቀቀ። እዚያው ላይ ቆመ፣ ደግ አደረገ።

10ኛውን መልስ ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የካታሎግ ሰው ነው። ኮሃ በሚባለው ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ሥራ የጀመረ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ ብዙ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል። አንድ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣለት ጀርባው ላይ ያለውን የአይኤስቢኤን ቁጥር ይመታል። ሶፍትዌሩ ላይብረሪዎች መዝገብ በሚቀባበሉበት፣ ዜድ 39.50 በሚባለው መንገድ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ ድረስ ሄዶ የተሟላ መዝገብ ይዞለት ይመጣል። የደቂቃ ሥራ ነው። ሌላ ሰው አንዴ የሠራውን ሁላችንም እንወስዳለን፤ የኢንተርኔት መቀባበል ሲባል ለእሱ ይሄ ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ጉዱ ይፈላል። አብዛኛው የቆየ መጽሐፍ ቁጥር የለውም። መዝገቡ ቢገኝም በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። በራሳችን ፊደል እንመዝግብ ሲባል ሌላ ጣጣ አለ። ተማሪው አጼ ብሎ ይፈልጋል፣ መጽሐፉ ዐፄ ተብሎ ተመዝግቧል። ኮምፒውተሩ የለም ይለዋል። መጽሐፉ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነው። ፀሐይ የሚለውን ብቻ ሰው እንደ ልማዱ ቢያንስ በስድስት ዓይነት ይጽፈዋል፣ ማሽኑ ደግሞ ስድስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ዓመቱም አለ። በ1998 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ምንም ሳይባልበት 1998 ተብሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከታተመው የሚቀድም ይመስላል፤ ግን ከእሱ በኋላ የወጣ ነው። የሁለት ግቢ ካታሎግ አንድ ላይ ይጣመር ሲባል አንዱ መጽሐፍ ሁለት ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ስለ ገመድና ስለ ሰርቨር ሳስብ፣ ሰውየው የቆመበት ቦታ ይሄ ነው።

11ኛዋ በዚያ ላይ የስም ጉዳይ ጨመረች። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። ስለዚህ አንዲት ደራሲ አንዱ ግቢ በስሟ ትገባለች፣ ሌላው ግቢ በአባቷ ስም። ጥሩ ያወቀ ካታሎገር በራሷ ስም ነው የሚያስገባት፤ የውጭው ሕግም ለኢትዮጵያውያን ይህንኑ ይፈቅዳል። ግን ስንቱ ያውቃል? ብላ ተማረረች።

12ኛው ትዕግሥቱ አለቀ። መብራት በሌለበት ስለ ሀሌታው ሀ መከራከር ቅንጦት ነው ባይ ነው። ሲስተም የለም የሚለውን ቃል በሥራ ቀን ስንቴ እንደሚናገር አስታወሰን። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ኔትወርኩ መተንፈሻ እንደሚያጣም አነሳ። ቀጥሎ የ2015 ዓ.ም. ነሐሴን ጠቀሰ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ክሩ ለአፍታ ቀዘቀዘ፤ ብዙዎቻችን በራሳችን ደርሶብናል። ያኔ ምን ሠራ ብለው ሲጠይቁት መልሱ አጭር ነበር። ከመቋረጡ በፊት የወረደ፣ ግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር የተቀመጠ ነገር ሠራ። ኪዊክስ በሚባለው ሙሉ ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ኢ-ግራነሪም ሐሳቡ ያው ነው፤ ብዙ ሺህ ድረ ገጾችን በአንድ ሃርድ ዲስክ ቀድቶ ለአፍሪካ ካምፓሶች አድርሷል። ይህን መልስ ከ10ኛው ጋር ማጋጨት ያማራቸው ነበሩ። እኔ ግን አንዱ ሌላውን የሚጥል አይመስለኝም። መብራት ሲመጣ መጽሐፉ መገኘት አለበት።

13ኛው ካምፓላ የሚማር የእኛ ልጅ ነው። ማኬሬሬ የመምህራንና የተማሪዎቹን ሥራ ዲስፔስ በሚባል የማከማቻ ሶፍትዌር ሰቅሎ ከየትም እንዲከፈት ማድረጉን ነገረን። ድሮ ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ የሚላክ ኢሜይል አውሮፓ ዞሮ ይመጣ እንደነበር አስታውሶ፣ ይህን ለመቅረፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ኡቡንቱኔት የተባለ የምርምር ኔትወርኮች ኅብረት እንደተቋቋመ አነሳ። ዋና ቢሮው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ በእኛ በኩል ያለው ኢተርኔት የሚባለው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ነው። ማኬሬሬን ግን አላጋነነም። እዚያም ሁሉም አይሰቅልም፣ እዚያም የሚደበቅ አለ። ልዩነቱ አንድ ነው ይላል። ተመራቂው ፋይሉን ሲያስረክብ የሚቀበለውና ቀኑን ቆጥሮ የሚጠይቀው ሰው በስም ይታወቃል።

ከ14 ጀምሮ ነገሩ ከረረ። 14ኛው መምህር ናቸው። ቴሲስ ከተሰቀለ ይሰረቃል ብለው አቋማቸውን አስቀመጡ። ልጁ ከቴሲሱ ጽሑፍ ሳያወጣ ሌላው ቀድሞ ያወጣበታል ነው ስጋታቸው። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ላይብረሪያን የሆነ ሁሉ ሊያቃልለው ሲል አይቻለሁ፣ ደስ አላለኝም።

15ኛዋ ግን ከበር ላይ ያዘቻቸው። ተደብቆስ መቼ ከስርቆት ዳነ? በየካምፓሱ በር ላይ ያሉትን ኮፒ ቤቶች ጠቀሰች። የቴሲስ ሶፍት ኮፒ በፍላሽ ይሸጣል፣ ማስተካከያም አብሮ አለ። አንድ ያላገባ ተማሪ ያስረከበው ሥራ የምስጋና ገጹ ላይ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ያመሰግን እንደነበር ተረከች። ሽፋኑን ለውጦ ውስጡን ማንበብ ረስቷል። ዋናው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ፍለጋ ይያዝ ነበር። የተቆለፈበት ሥራ የጋን ውስጥ መብራት ነው፤ ለባለቤቱም ለአንባቢውም አያበራም፣ ለሌባው ብቻ ይመቻል ባይ ናት። 16ኛው መምህሩን ዘለፈ፣ አድሚኑም አጠፋው። 17ኛው ራሳቸው መምህሩ ናቸው፤ ለአንድ ዓመት ተዘግቶ ከዚያ ይከፈት ቢባል እንደማይቃወሙ ጻፉ። የዚህ ክር ምርጥ ለውጥ ይሄ ነው፣ ማንም ግን አላጨበጨበላቸውም።

ከዚያ ወሬ ወሬን አነሳው። 18ኛው የጎንደር ልጅ፣ ቤተ መጻሕፍት ለእኛ ዛሬ አልመጣም ብሎ ወደ ፋሲል ግቢ ወሰደን። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ እዚያ ቆሟል። ከዚያ ወደ መቅደላ ተሻገረ። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር የሰበሰቧቸው ብራናዎች እ.ኤ.አ. በ1868 ተዘርፈው ብዙዎቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ ገቡ። ላይብረሪው የተወሰኑትን ስካን አድርጎ በኢንተርኔት ከፍቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት እነሱም ከዓይን ተሰወሩ። አገሩ ላይ የሌለውን መጽሐፍ ምስሉን እንኳ አጣን ብሎ ተብሰከሰከ።

19ኛዋ ኬፕ ታውንን አስከተለች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2021 ከተራራው የወረደ እሳት የዩኒቨርሲቲውን የጃገር ንባብ አዳራሽ በላው። ስለ አፍሪካ የተሰበሰበ ብዙ መጽሐፍና ፊልም አብሮ ጠፋ። ቀድሞ ስካን የተደረገው ግን ተረፈ። አንድ ቅጂ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ድፍረት ነው ባይ ናት። ጋሼም ተመልሰው በ20ኛው መልስ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውን የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ አስታወሱ። ፊልሞቹ ሚኒሶታ ባለው የሂል ሙዚየም ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹን ማንም ተመዝግቦ በነፃ ያያቸዋል። ፊልሙን ያነሱት ሰዎች ኢንተርኔት የሚባል ነገር ይመጣል ብለው አልነበረም። አንስተው አስቀመጡት፣ በኋላ መንገዱ ተገኘ።

21ኛው የላይብረሪያን ክፍት የሥራ ቦታ ካለ ጠየቀ። 22ኛው ደመወዙን ነግሮት ሐሳቡን እንዲያስቀይረው ሞከረ። ስለ ኑሮ ውድነት የተባለውን እዝለዋለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

23ኛዋ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን የምትረዳ ናት። ማንም ያላነሳውን አመጣች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽን ስምምነት ተቀላቅላለች። በዚያ መሠረት ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የድምፅ ወይም የብሬል ፋይል በአባል አገሮች ላይብረሪዎች መካከል መላላክ ይቻላል። ኬንያ የተነበበውን መጽሐፍ ጎንደር እንደገና ማንበብ አያስፈልግም ማለት ነው። ስንቶቻችን ሞከርነው ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። እኔም የለሁበትም።

24ኛው ሕግ ጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ ቴሲስም ጭምር፣ በብሔራዊው ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዛል። ማከማቻው ናድሬ ይባላል። ስለዚህ እንስቀል ወይስ አንስቀል የሚለው ክርክር ካለቀ ቆይቷል ባይ ነው። 15ኛዋ ተመልሳ ወረቀት ማንን ሰቅሎ ያውቃል አለችው። እሱም ወረቀቱን ይዞ ኃላፊው ቢሮ የገባ ሰው መልስ ያገኛል፣ ያልገባ አያገኝም ብሎ ከረር አደረገው። በዚህ እሱ ትክክል ነው። ፖሊሲ አለመኖሩ ሰበብ የነበረበት ጊዜ አልፏል።

25ኛዋ የመጀመሪያዋ የባሕር ዳሯ እህት ናት። ሙሉ ፋይል ለመስቀል ፈቃድ እስኪገኝ ርእሱን ብቻ እንቀባበል የሚል ሐሳብ አመጣች። ርእስ መዘርዘር የማንንም መብት አይነካም፣ መምህሩንም አያሰጋም። የጋራ ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ዓምዶቹ ርእስ፣ የተማሪው ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓመትና የሚደወልበት የቢሮ ስልክ ናቸው። 10ኛው ወዲያው ደርሶ ዓመቱ ሁለት ዓምድ ይሁን፣ አንዱ የእኛ አንዱ የፈረንጅ ብሎ አስከፈለኝ። ልክ ነው። 26ኛው በስልክ ሲከፍተው ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ እየሆነ አስቸገረው፤ የአማርኛ ፎንት ጭኖ ተስተካከለለት። 27ኛዋ የመደርደሪያ ቁጥር የሌለው ዝርዝር ግማሽ ሥራ እንደሆነ ነገረችኝ፣ እሱንም ጨመርኩ።

አሁን ያለው የጤናው ብቻ ነው፣ የግብርናው ገጽ ባዶ ነው። ከግብርና ኮሌጆች ያላችሁ፣ የምታውቁትን ርእስ ሙሉበት። ዓመቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ የምታውቁት ከሆነ የትኛው እንደሆነ መጻፍ እንዳትረሱ።